ደለሉን ሳይጨፈልቅ የሚያወጣ መሣሪያ፦ ስለ ራሺያን ኮረር ያለኝ አስተያየት

በእጅ ከሚሠሩት የደለል ናሙና ማውጫዎች ውስጥ አንዱን ብቻ ይዘሽ ውጪ ብባል፣ ሳላመነታ የማነሣው ራሺያን ኮረሩን ነው። ሥራዬ የጥንቱን የባሕር ጠለል ከጨዋማ ረግረግ ውስጥ ማንበብ ነው። ባሕሩ ከ3,000 ወይም ከ7,000 ዓመት በፊት እስከየት ይመጣ እንደነበር ቆሞ የሚነግረን የለም። የሚናገረው በረግረጉ ሥር የተነባበረው ጭቃ፣ በውስጡ የቀረው የዕፅ ሥር እና ያለ ማይክሮስኮፕ በቅጡ የማይለይ ዛጎል ነው። ይህን ሁሉ ከነቅደም ተከተሉ ከመሬት አውጥቶ እጄ ላይ የሚያስቀምጥልኝ መሣሪያ ስለሆነ፣ ለመግዛት ወይም ለመዋስ ለምታስቡ የማውቀውን ሁሉ ልጻፍ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩ። ግማሽ ሲሊንደር የሆነ የማይዝግ ብረት ክፍል አለው፤ በብዛት የሚገኘው ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው ነው። አንደኛው ጠርዙ ስል ነው። የክፍሉን አፍ ጠፍጣፋ ላሜራ ይሸፍነዋል፤ ክፍሉ በላሜራው ላይ በማጠፊያ እንደተያያዘ በር ይዞራል። ከታች ሹል ጫፍ አለ፤ ከላይ ደግሞ እየተቀጣጠሉ የሚረዝሙ የአንድ አንድ ሜትር ዘንጎችና እጀታ ይገጠማሉ። ክፍሉ እንደተዘጋ የሚፈለገው ጥልቀት ድረስ ይገፋል። እዚያ ሲደርስ እጀታውን 180 ዲግሪ ማዞር ነው። ላሜራውን በዙሪያው ያለው ደለል ጨብጦ ስለሚይዘው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስለቱ ግን ግማሽ ክብ እየቆረጠ ዞሮ በላሜራው ሌላኛው ፊት ላይ ይገጥማል። ናሙናው ተቆልፎበት ይወጣል። ላይ ሲደርስ እጀታውን ወደ ኋላ ስትመልሱት ጭቃው ላሜራው ላይ ተጋድሞ ይታያል።

ንድፉ ፒት ፍለጋ ላይ የተሰማሩ የሶቪየት ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ ፒት የምለው በውኃ ተሸፍኖ ሳይበሰብስ የተከማቸውን የረግረግ ዕፅ ነው። ቤሎኮፒቶቭና ቤረስኔቪች በ1955 ስለ መሣሪያው ጻፉ፤ ጆውሲ በ1966 የተሻሻለ ሞዴል አቀረበ። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ ቅርጹ ብዙም አልተነካም፤ መነካትም አላስፈለገውም ባይ ነኝ።

ሰዎች ስለዚህ ኮረር ሲጠይቁኝ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ሜትር ይወርዳል?» የሚል ነው። ለስላሳ ደለል ካገኘ ሁለት ሰው ከ10 ሜትር በላይ ያወርደዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ከ4 ሜትር ወጣ ያልኩት ናሙና እውነት ከ4 ሜትር ነው ወይ የሚለውን ነው። ከላይ ወደ ታች የሚገፋ ቱቦ ለስላሳውን ፒት እየጫነ ያሳጥረዋል። አንድ ሜትር ገፍታችሁ 80 ሴንቲሜትር ጭቃ ብታወጡ፣ የጠፋው 20 ሴንቲሜትር ከየትኛው ንብርብር እንደጎደለ ማወቅ አይቻልም። ራሺያን ኮረር ግን ከጎን ቆርጦ ስለሚወስድ ደለሉን አይጫነውም። የባሕር ጠለል ጥናት ደግሞ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። አንድ የባሕር ጠለል አመልካች ነጥብ ለመባል ናሙናው አራት ነገር ይፈልጋል፤ ቦታው፣ ዕድሜው፣ ከፍታው፣ እንዲሁም በተፈጠረበት ጊዜ ከባሕሩ ሙላት (በየዕለቱ ከፍ እያለ ከሚመጣው ውኃ) አንጻር የት ላይ እንደነበር። ኮረሩ የሚያዋጣው ከፍታውን ነው። እሱ ከተሳሳተ ሌሎቹ ሦስቱ የቱንም ያህል ቢጣሩ መልሱ ይሳሳታል።

ክፍሉ ሲከፈት ምን እንደሚታይ ላሳያችሁ። ከታች ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለው፣ የሣር ሥር ተጋድሞ የሚታይበት ፒት አለ፤ ጫን ሲሉት ውኃ ያቀረዝዛል፣ የሰልፈር ሽታ አለው። ከላዩ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ጣት ላይ የሚያዳልጥ ጭቃ ተኝቷል። ታሪኩ ያለው የሁለቱ መገናኛ ላይ ነው። ቡናማው በጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ግራጫነት ከተለወጠ፣ ባሕሩ ረግረጉን በዝግታ አሸንፎታል ማለት ነው። መገናኛው በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማዕበል ወይም ጅረት ፒቱን ልጦት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መሬቱ ራሱ በድንገት ሰምጦ ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ብራያን አትዋተር በ1987 ያሳየው ይህን ሁለተኛውን ነው። በጭቃ የተቀበሩ የረግረግ አፈሮች ከላያቸው አሸዋ ለብሰው ተገኙ። በኋላ የጃፓን የሱናሚ መዛግብትና የሞቱ ዛፎች ቀለበት ሲደመሩበት፣ የመጨረሻው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥር 26 ቀን 1700 እንደደረሰ ታወቀ። ይህን ዓይነት መገናኛ የሚያደበዝዝ መሣሪያ ለእኔ ዋጋ የለውም። ራሺያን ኮረር አያደበዝዝም።

ይህ የሚሆነው ግን በአግባቡ ካጸዳችሁት ነው። ስለቱ ሲዞር በናሙናው ፊት ላይ ስስ የጭቃ ልባስ ይተዋል። ልባሱ የሚነሣው በቀጭን ቢላ፣ ንብርብሩን ተከትሎ ወደ ጎን በመጥረግ ነው። ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች የጠረገ ሰው የአንዱን ዘመን ጭቃ ወደ ሌላው ዘመን ይጎትተዋል። በተለይ ለካርቦን-14 የሚላክ ናሙና ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ወጣት ካርቦን ትንሽ ብቻ ቢቀላቀል ዕድሜውን ያወጣጣዋል። ስለዚህ ለዕድሜ ልኬት የምመርጠው የጅምላ ጭቃ ሳይሆን ተጋድሞ የተቀበረ ግንድ፣ ቅጠል ወይም ዘር ነው፤ በቦታው የበቀለ ወይም እዚያው ወድቆ የቀረ መሆኑ የሚታይ ነገር ማለቴ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሥር ካያችሁ ተዉት፤ ከላይ ካለው በዕድሜ ካነሰ ረግረግ የወረደ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሚያወጣው ጭቃ ያንሳል። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ግማሽ ሲሊንደር በእያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት የሚሰጠው 10 ሴንቲሜትር ኪዩብ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ለፎራሚኒፌራ፣ የሲሊካ ቅርፊት ላላቸው ጥቃቅን አልጌዎች ማለትም ለዳያቶም፣ በ550 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃጥሎ የኦርጋኒክ ቁስ ይዘቱ ለሚለካው፣ ለዕድሜ ልኬት፣ ለመጠባበቂያ ሲከፋፈል ቶሎ ያልቃል። ተመሳሳይ ጥልቀት ላይ ጎን ለጎን ደጋግሞ ማውጣትና ንብርብሮቹን ማዛመድ የግድ ነው። ሰፋ ያለ ክፍል ያላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ነገር ግን ስፋቱ ሲጨምር ለማዞር የሚጠይቀው ጉልበት በጣም ይጨምራል፣ ጠንከር ባለ ሸክላ ውስጥም እምቢ ይላል። እኔ ጠባቡን ወስጄ ብደጋግም እመርጣለሁ።

ያ ትንሽ ጭቃ ምን እንደሚነግረን ካላወቃችሁ ቅሬታዬ የተጋነነ ሊመስላችሁ ይችላል። ፎራሚኒፌራ አንድ ሴል ያላቸው ፍጥረታት ናቸው። የረግረግ ዝርያዎቹ የአሸዋና የደለል ቅንጣት እያጣበቁ የራሳቸውን ዛጎል ይሠራሉ። ናሙናው በ63 ማይክሮን ወንፊት ታጥቦ ሲቀር በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። የትኛው ዝርያ የት እንደሚኖር የሚወስነው ቦታው በሙላት ጊዜ ምን ያህል ጊዜ በውኃ እንደሚሸፈን ነው፤ ስኮትና ሜዲዮሊ በ1978 ይህን ከከፍታ ጋር አያይዘው አሳዩ። ኤንትዚያ ማክረሴንስና ትሮካሚና ኢንፍላታ ከበዙ የረግረጉ የላይኛው ክፍል ነው፤ ሚሊያሚና ፉስካ ከበዛ ወደ ታች ወርደናል፤ አሞኒያን የመሳሰሉ የኖራ ዛጎል ያላቸው ሲበረክቱ ደግሞ ጭቃማው ሜዳ ላይ ነን። የኖራ ዛጎል ያላቸው በፒቱ አሲድ ስለሚሟሙ ግን አለመገኘታቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የዛሬውን ረግረግ ከላይ እስከ ታች ናሙና ወስዶ፣ ዝርያዎቹን ከከፍታ ጋር በስታቲስቲክስ አያይዞ፣ ያንን ቀመር በጥንቱ ናሙና ላይ መጠቀም ይቻላል። ጥሩ ሲሠራ ስህተቱ በሙላትና በጉድለት መካከል ካለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሆናል። ለዚህ ግን በቂ ዛጎል መቁጠር አለባችሁ፣ ለመቁጠርም በቂ ጭቃ ሊኖራችሁ ይገባል።

ጀማሪዎች የማይጠብቁት ሌላ ነገር የኮረሩ ሹል ጫፍ ነው። ክፍሉ ናሙናውን ከመያዙ በፊት ጫፉ ከሥሩ ያለውን ደለል ወግቶ አልፏል። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ 50፣ 100፣ 150 እያሉ መውረድ አይገባም፤ የሚቀጥለው ናሙና ራስ የተረበሸ ይሆናል። ሁለት ጉድጓድ ትንሽ አራርቆ፣ እያፈራረቁ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር እየተደራረበ ማውጣት ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የለንም የሚል ቡድን ካለ፣ የሚያወጣው መረጃ ለመቆፈሩ ያህል አይበቃም።

ዘንጉ ማጋደሉንም ቸል አትበሉ። 8 ሜትር የወረደ ዘንግ 5 ዲግሪ ቢያጋድል የጥልቀት ስህተቱ 3 ሴንቲሜትር ነው፤ 10 ዲግሪ ቢያጋድል 12 ሴንቲሜትር ይሆናል። 12 ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል። በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ረግረጎች ላይ በ2011 የወጣው የ2,000 ዓመት ታሪክ ግን፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ያለው ጭማሪ በአማካይ በዓመት 2.1 ሚሊሜትር እንደሆነና በሁለቱ ሺህ ዓመታት ውስጥ አቻ እንደሌለው ነው ያሳየው። በዚያ ፍጥነት 12 ሴንቲሜትር ማለት የ57 ዓመት ጭማሪ ነው። ዘንጉን በውኃ ልክ እያያችሁ ግፉ። የጉድጓዱን አፍ ከፍታም በትክክል ለኩና ከአካባቢው የሙላት መለኪያ ጋር አያይዙት። ለኮረሩ ገንዘብ አውጥቶ ለቅየሳው የሚሰስት ቡድን አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

አሸዋ ውስጥ ይህ መሣሪያ አይሠራም። ጠጠር ውስጥ ከቶ አይታሰብም፤ ስለቱን ያጎድፈዋል። የተቀበረ ግንድ ካጋጠመው ይቆማል፣ ያኔ ሜትር ፈቀቅ ብሎ እንደገና መጀመር ነው። ስስ የአሸዋ ንብርብር ከሆነ ግን ያልፈዋል፣ ይዞም ይወጣል። ከ8,150 ዓመት ገደማ በፊት ከኖርዌይ ባሕር ወለል ላይ የተናደው የስቶሬጋ ናዳ ያስነሣው ሱናሚ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ፒትና ጭቃ መካከል የተወው አሸዋ እንዲህ ያለ ነው። ክፍሉ ሲከፈት እንዲህ ያለው አሸዋ ውኃውን ለቆ መንሸራተት ስለሚፈልግ፣ መሣሪያውን ጋደም አድርጎ መክፈትና ቶሎ ፎቶ ማንሣት ይበጃል። ከዚያ የበለጠ አሸዋ ካለ ቪብሮኮረር ያስፈልጋል፤ እየነዘረ የሚወርድ ቱቦ ነው፣ አሸዋውን ይበሳል፣ ግን ደለሉን ያሳጥራል። ጎጅ የሚባለው ቀጭን ገባታ ደግሞ ለቅኝት ይመቻል። አንድ ሰው በፍጥነት ረግረጉን ከዳር እስከ ዳር ወግቶ ንብርብሮቹን ሊከታተል ይችላል። እኔ መጀመሪያ በጎጅ ቦታውን አውቄ፣ ከዚያ የመረጥኩት ነጥብ ላይ ራሺያን ኮረሩን አወርዳለሁ።

ከረግረግና ከሐይቅ ደለል ውጭ ላለው የባሕር ጠለል ታሪክ ይህ ኮረር ምንም አይፈይድም፤ ሻጭ ሌላ ቢነግራችሁ አትስሙት። ባለፈው የበረዶ ዘመን ጫፍ ላይ ባሕሩ ከዛሬው ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ እንደነበር ትልቁን ማስረጃ የሰጠው የባርቤዶስ ኮራል ነው፤ ፌርባንክስ በ1989 ያሳተመው። አክሮፖራ ፓልማታ የሚባለው ኮራል ከባሕሩ ፊት ብዙም ሳይርቅ ስለሚያድግ የጥንቱን ፊት ያመለክታል፤ እሱን ለማውጣት ግን መርከብና የድንጋይ መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። በኤርትራ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አብዱር ላይ የሚታየው 125,000 ዓመት ገደማ የሆነው ሪፍ (ኮራሎች የገነቡት ድንጋይ)፣ በውስጡ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት፣ የሚጠናው በመዶሻና በዩራኒየም-ቶሪየም ዕድሜ ልኬት ነው። ካርቦን-14 ራሱ ከ50,000 ዓመት ወዲያ አይደርስም። እንዲያ ያለ ቦታ ላይ መሬቱ ራሱ ስለሚነሣና ስለሚሰምጥ ከፍታውን ብቻ አይቶ ባሕሩ ይህን ያህል ነበር ማለትም አይቻልም።

ኮረሩ የማይፈታው አንድ ችግር አለ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። እሱ ደለሉን ባይጨፍልቅም፣ ደለሉ በሺህ ዓመታት ውስጥ በራሱ ክብደት ተጨፍልቋል። ከወፍራም ፒት መሃል የወጣ ናሙና ከተፈጠረበት ከፍታ ብዙ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከሥሩ የማይጨፈለቅ ጠንካራ አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ በቀጥታ የተኛውን የመጀመሪያውን ፒት መፈለግ ነው፤ ዬልገርስማ በ1961 በኔዘርላንድስ ዳርቻ የተጠቀመችበት መንገድ። እዚህ ላይ ኮረሩ የሚጎረብጥ ድምፅ ሰጥቶ ሲቆም ደስ ይለኛል፣ መሠረቱን ነክቷልና።

ከሁሉ የምወደው አጠቃቀሙ ግን ከባሕር የተቆረጡ ሐይቆች ላይ ነው። የበረዶው ሸክም የተነሣለት መሬት ቀስ እያለ ይነሣል፤ በቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዛሬም በዓመት ወደ 1 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ከፍ ይላል። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ የድንጋይ ደፍ ያለው ገንዳ መጀመሪያ ባሕር ይገባበታል፤ ደፉ ከሙላቱ በላይ ሲወጣ ግን የጣፋጭ ውኃ ሐይቅ ይሆናል። ከሐይቁ ወለል በወጣው ናሙና ውስጥ ዳያቶሞቹ ከጨው ውኃ ዝርያ ወደ ድብልቅ፣ ከዚያ ወደ ጣፋጭ ውኃ ዝርያ ሲለወጡ ይታያል። ባሕሩ በዚያን ጊዜ የት እንደነበር የሚነግረን የደፉ ከፍታ ስለሆነ የደለሉ መጨፍለቅ ሐሳብ አይሆንም። በምዕራብ ስኮትላንድ ዳርቻ የበረዶ ዘመን ማብቂያውን ታሪክ በዝርዝር ያወጡት እንዲህ ያሉ ሐይቆች ናቸው። ከታንኳ ወይም ከተንሳፋፊ መድረክ ላይ ኮረሩን ለማዞር ግን መድረኩ በአራት መልሕቅ መታሰር አለበት፤ አለዚያ የምትዞሩት እናንተ ናችሁ።

ስለ ጥራቱ። እኔ የምሠራበት የማይዝግ ብረት ነው፤ ጨው ውኃ ውስጥ ሌላ ብረት አያዋጣም። ደካማው ቦታ የዘንጎቹ ጥርስ ነው። አሸዋ ከገባበት ይበላል፤ ከዚያ ወይ አይፈታም ወይ ጉድጓድ ውስጥ ይለቃል። አንድ አቅራቢ የላከልን ተጨማሪ ዘንግ ጥርሱ ከቀድሞዎቹ ጋር በትክክል አልገጠመም፤ እስኪለወጥ ድረስ የመስክ ሥራችን ተጓተተ። ከተለያየ ቦታ ዘንግ አትሰብስቡ። ሁለት ትልልቅ መፍቻ ያዙ፤ በእያንዳንዱ ማታ ጥርሱን በብሩሽና በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ግራሶ ግን አትቀቡት፣ ዘይቱ ለዕድሜ ልኬት የምትልኩትን ናሙና ይበክላል። ስለቱ ሲደነዝዝ ፒቱን ከመቁረጥ ይልቅ ሥሩን ይጎትታል፤ በሞረድ በስሱ መሳል ይቻላል፣ ከላሜራው ጋር ያለው ክፍተት እንዳይሰፋ ግን መጠንቀቅ ነው። ከ6 ሜትር በታች ማውጣት ወገብ ይፈትናል፤ ሁለት ሰው በጉልበት ሳይሆን በዝግታ፣ ጭቃው እስኪለቅ ጠብቆ ይሳብ።

ለናሙናው ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ከላሜራው ላይ ወደ ቱቦው ስታሸጋግሩት በአንድ ጊዜ አዙሩት፤ በፕላስቲክ መጠቅለያ ጠቅልሉት፤ የጉድጓዱን ቁጥር፣ የላይና የታች ጥልቀቱን፣ ላይኛውን የሚያሳይ ቀስት በማይለቅ ማርከር ጻፉ፤ ከዚያ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። የተገለበጠ ናሙና ስንት ሥራ እንደሚያበላሽ ልነግራችሁ አልችልም።

ለማዘዝ ከወሰናችሁ 50 ሴንቲሜትሩን እዘዙ። የአንድ ሜትሩ ክፍል ፈጣን ይመስላል፣ ለማዞር ግን ከባድ ነው፤ ጠንከር ያለ ሸክላ ሲገጥመውም ላሜራው ሊጣመም ይችላል። ዘንጎቹ ላይ በየ10 ሴንቲሜትሩ ምልክት ተቀርጾ እንዲመጣ ጠይቁ፤ በቀለም የተጻፈው በጭቃው ቶሎ ይለቃል። የማጠፊያው ቡሎን መለዋወጫም አብሮ ይምጣ። እሱ ከጠፋ ኮረሩ አይዘጋም፤ መለኪያው ለየት ያለ ስለሆነም በቀላሉ አይገኝም።